ከኮምቦልቻ ደሴ ሳይቆረጥ ማውራት፦ የኪስ ዋይፋይ አምስት ወር ተጠቅሜ ያየሁት

ቁርጡን ከፊት ላስቀምጠው። ከኮምቦልቻ ደሴ የምትመላለሱ ከሆነ፣ መንገድ ላይም በኢሞ ወይም በቴሌግራም የምታወሩት ሰው ካለ፣ የኪስ ዋይፋይ ግዙ። ሚፋይ የሚሉትን፣ ሲም የሚገባበትን ትንሽ ሳጥን ማለቴ ነው። ግን ሴቲንጉን ሳትነኩ ዝም ብላችሁ ከተጠቀማችሁበት ብራችሁን ውሃ በላው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደዚያ አድርጌ "ተሸወድኩ" እያልኩ ነበር። ሞዴሉን አልጠራም። በዚህ ጉዳይ ልዩነት የሚያመጣው ስሙ አይደለም፤ ምን ማየት እንዳለባችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የምኖረው ደሴ። የጠዋት ፈረቃ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል። ልብሴን ቀይሬ፣ መናኸሪያ ደርሼ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቄ፣ ጉዞ ስንጀምር 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ሰዓታችን አንድ ነው። ማዳሟ ምሳ በልታ ጋደም የምትለው በዚያችው ሰዓት ነው። ማታ እንዳናወራ እሷ ከሥራ የምትላቀቀው ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለፈረቃ እነሳለሁ። ስለዚህ የእኛ ወግ ያለው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሌላ ጊዜ የለንም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ጋ በደረሰ ጊዜ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ስልክ ጠፍቶ ነበር። እሷ ያኔም እዚያው ነበረች። እናታችን ትኑር አትኑር ሳታውቅ ከአንድ ወር በላይ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ስልክ መሀል ላይ ቆርጦ ከጠፋ ትደነግጣለች። "ኔትወርክ ነው እንጂ ምንም አልሆንም" ብላት በጆሮዋ ሰምታ ልቧ አያምንም። መልሼ ስደውል ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ለእኔ የሚቆራረጥ መስመር ትንሽ ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

የሚቆርጠው ደግሞ ሁሌም ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ነው። ቦርከናን ትተን ዳገቱን ስንጀምር ደህና ነው። ሀረጎ የሚባለው ተራራ ላይ ኩርባው ሲበዛ ይጀመራል። "እማዬ መድኃኒቷን…" ትልና ጸጥ። "ሀሎ? ይሰማል?" ኢሞ "በማገናኘት ላይ" ይላል። ይመለሳል። ሁለት ዓረፍተ ነገር እናወራለን። ደግሞ ጸጥ። መድኃኒቷን ወሰደች አልወሰደች ለማለት አምስት ጊዜ እንደዋወላለን።

ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያውቃል። "ጉሙ ነው" ይላሉ። እውነት ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ ተሳፍረን ሀረጎ ላይ ሹራብ እንደርባለን። 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስተን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የምንወጣው። ጉሙ መስታወቱን ያለብሰዋል። እኔም ለዓመታት ጉሙን ስረግም ኖሬያለሁ። ያለጥፋቱ ነው። ሞባይል በሚሠራባቸው ሞገዶች ላይ ጉም ከቁጥር የሚገባ ተጽዕኖ የለውም፣ ዝናብም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ጉሙና መቆራረጡ አንድ ቦታ ስለሚገናኙ ነው ያሳሳተን። የሚከልለው ተራራው ነው።

ይህን ያስረዳኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል ያጠናል። ዕቃውን ከመግዛቴ በፊት "እስቲ ቆይ፣ ምን እንደሚቆርጠው ሳናውቅ ምን ትገዣለሽ?" አለኝ። ልክ ነበር። እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ክፍል ታገሱኝ።

ስልካችሁ የሚያወራው ከአንድ ታወር ጋር ነው። አንድ ታወር ብዙውን ጊዜ ሦስት ፊት አለው፤ እያንዳንዱ ፊት የሚሸፍነው ቦታ ሴል ይባላል። መኪናው ሲሄድ ስልኩ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ርክክብ በሉት። እኛ ፈረቃ ስንቀያየር እንደምናደርገው ነው፦ ወጪዋ ማሽኑን ሳታቆም "እዚህ ጋ ክር ይበጠሳል፣ አደራ" ብላ ለገቢዋ ታስረክባለች። በ3ጂ ጊዜ ርክክቡ ለስላሳ ነበር። ስልኩ አዲሱን ሳይዝ አሮጌውን አይለቅም፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። 4ጂ እንደዚያ አያደርግም። ይለቅና ይይዛል። መሀል ላይ ባዶ ጊዜ አለች።

ይህን ስሰማ "በቃ፣ ችግሩ ተገኘ" አልኩ። አልተገኘም። ርክክቡ ደህና ከሄደ ያቺ ባዶ ጊዜ የሰከንድ አንድ አስረኛ እንኳ አትሞላም። የኢንተርኔት ጥሪ ድምጽን ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ በምትሆን ቁራሽ እየከፋፈለ ነው የሚልከው፤ ተቀባዩ ጋ ደግሞ ጥቂት ቁራሽ ቀድሞ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ሁለት ሦስት ብትጠፋ ጆሮ አይሰማትም። ታወር ሲቀየርም የኢንተርኔት አድራሻችሁ አይቀየርም፤ የኦፕሬተሩ ማዕከል ይዞት ይቆያል። ኢሞ መቀየራችሁን እንኳ አያውቅም።

አላመንኩትም። አንድ ቅዳሜ አብሮኝ ተሳፈረ። የተያዘውን ሴል ቁጥር የሚያሳይ ነጻ አፕ እኔ ስልክ ላይ ጫነ። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ከእህቴ ጋር አወራለሁ፣ እሱ ስልኬን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ያያል። ቁጥሩ ሲቀየር ጉልበቴን በጣቱ ነካ ያደርገኛል። ነካ። ምንም አልተሰማኝም። ነካ። እህቴ ስለ ማዳሟ ልጅ እየሳቀች ታወራለች። ነካ፣ ነካ። ሳቋ ሳይቆረጥ ቀጠለ። በዚያች ግማሽ መንገድ ስንት ጊዜ እንደነካኝ እንጃ፣ አንዱንም በጆሮዬ አላወቅሁትም።

ከዚያ አንዱን ኩርባ ስንዞር 4ጂ የሚለው ጽሁፍ ጠፋ። በቦታው "ኤች" የሚለው ፊደል መጣ፤ 3ጂ ማለት ነው። ድምጿ እንደ ላስቲክ ተጎተተና ቆመ። ጉልበቴን አልነካኝም፤ ስልኩን አዙሮ አሳየኝ።

ለካ የሚቆርጠን ሴል መቀየሩ ሳይሆን፣ በጊዜው ሳይቀየር ሲቀርና ስልኩ ከ4ጂ ሲወድቅ ነው።

ለምን በጊዜው አይቀየርም? ስልኩ በራሱ ዝም ብሎ አይዘልም። ጎረቤት ሴል ከያዘው በተወሰነ መጠን በልጦ፣ ለተወሰነ ጊዜም በልጦ መቆየት አለበት። ከዚያ ስልኩ ለያዘው ታወር ሪፖርት ይልካል፣ ታወሩ "ሂድ" ይለዋል። የመጠበቂያዋ ጊዜ በኦፕሬተሩ የምትሞላ ናት። 40 ሚሊ ሰከንድም፣ 320ም፣ 640ም ልትሆን ትችላለች። በጣም ካሳጠሯት ስልኩ በሁለት ሴል መሀል ወዲያ ወዲህ ይንከራተታል፣ በጣም ካስረዘሟት ይዘገያል። ሜዳ ላይ ሲግናሉ ቀስ እያለ ስለሚወርድ መዘግየቷ አይጎዳም። ሀረጎ ላይ ግን ታወሩ በገደሉ ሲከለል ሲግናሉ ቀስ አይልም፣ እንደተነፋ ሻማ ድርግም ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ640 ሚሊ ሰከንድ 7 ሜትር ይሄዳል። በ7 ሜትር ኩርባውን ዞራችሁታል። ስልኩ ሪፖርቱን ሲልክ ሰሚ የለም፤ "ሂድ" የሚለው ትዕዛዝም አይደርስም። ከዚያ በኋላ መስመሩ መሞቱን አረጋግጦ፣ ሌላ ሴል ፈልጎ፣ እንደ አዲስ መግባት አለበት። እሱ ሰከንዶች ይበላል። ጸጥ የሚለው ያኔ ነው።

ከፍታው ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ከታች ተዘርግታ ለእኛ እንደምትታየን፣ ለስልኩም የታች ታወሮች ሁሉ ይታዩታል። ሩቅ ያለው ለአፍታ ይበልጥና ይይዘዋል። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ያጣዋል።

ለዚህ መፍትሔ ተሠርቶለታል። በፈረንጆቹ 2020 በተጠናቀቀው የሞባይል ስታንዳርድ፣ ስሪት 16 በሚሉት ላይ፣ ታወሩ ለስልኩ ቀድሞ "ያኛው ሲበልጥ እኔን ሳትጠይቅ ሂድ" ብሎ እንዲነግረው ተደርጓል። ትዕዛዙ ሲግናሉ ደህና እያለ ስለሚደርስ፣ ኩርባው ላይ ታወሩ ቢጠፋም ስልኩ የት እንደሚሄድ ያውቃል። አዲሱን ሳይዝ አሮጌውን የማይለቅ ርክክብም አብሮ ገብቷል፤ የ3ጂው ልስላሴ ተመለሰ ማለት ነው። ግን ይህ በታወሩ በኩልም በስልኩ ሞደም በኩልም መኖርና መከፈት አለበት። እኛ ከሚኒባስ ወንበር ላይ የምንከፍተው አይደለም። የታወሩን ሴቲንግ የምትነኩ ባለሙያዎች ይህን ካነበባችሁ፣ በአላህ፣ ሀረጎን እዩልን። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፣ ከውጭ ሀገር ደውሎ የሚጠብቀውም ብዙ ነው።

እኛ መቀነስ የምንችለው ሌላኛውን ነው፣ ከ4ጂ መውደቁን። ስልካችሁ 4ጂው ሲደክምበት ወደ 3ጂ ይወርዳል። መውረዱ ራሱ ቆም ያደርገዋል። የባሰው ግን መመለሱ ነው። ዳታ እየሠራ ሳለ ቶሎ ላይመለስ ይችላል፤ 4ጂው ከጎኑ ቁጭ ብሎ እሱ ደካማው 3ጂ ላይ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ መደበኛ ጥሪ አለ። ቮልቲኢ የሚባለው፣ በ4ጂ ላይ መደበኛ ጥሪ የሚያስችለው፣ በስልካችሁና በሲማችሁ ላይ ካልሠራ ማንም ሰው በደወለላችሁ ቁጥር ስልኩ 4ጂን ጥሎ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። 2ጂ ላይ ካረፈ ዳታው በአብዛኛው ጥሪው እስኪያልቅ ይቆማል። የሚወርደው ደግሞ ገና ከመጥራቱ በፊት ነው። ስለዚህ ባታነሱትም ወርዷል። የፈረቃ ኃላፊዬ "ቁልፉን የት አስቀመጥሽው" ለማለት በደወለች ቁጥር የእህቴ ድምጽ የሚጠፋው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ኃላፊዬ የምትደውልበት ሰዓትና ሀረጎ ስለሚገጥሙብኝ ሁሉን በተራራው ነበር የማሳብበው።

ሚፋዩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ሲግናል አይጨምርም። ከስልካችሁ የተሻለ ጆሮ አለው ብለው ከሸጡላችሁ አትመኑ። ጥቅሙ መደበኛ ጥሪ አለመቀበሉ ነው። የራሱ ሲም አለው፣ ሥራው ዳታ ብቻ ነው። ኃላፊዬ ስትደውል ስልኬ ይወርዳል፣ ይውረድ፤ ኢሞው በሚፋዩ ዋይፋይ ላይ ስለሆነ አይነካውም። ሁለተኛ፣ "4ጂ ብቻ" ብላችሁ ልትቆልፉት ትችላላችሁ።

የገዛሁት ደሴ ፒያሳ ካሉት ስልክ ቤቶች አንዱ ጋ ነው። ያገለገለ ነው። 4 ሺህ ብር አሉኝ፣ 3 ሺህ 400 ላይ ተስማማን። ልጁን ወድጄዋለሁ። "እህትዓለም፣ ሲምሽን አስገቢና ውጪ ወጥተሽ ሞክሪው፣ ካልሠራ ብርሽ እዚህ ነው" አለኝ። ሲሜን አስገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። እሱ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። እንዲህ የሚያምን ሻጭ ዋጋ አለው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ሴቲንጉ ቃል አልነገረኝም። "ቻርጅ አድርገሽ ክፈቺው፣ በቃ" ነው ያለኝ።

እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ቦርሳዬን ከወንበሩ ስር አስቀመጥኩ። ሀረጎ ላይ ቆረጠ። እንደ ድሮው፣ ምንም ሳይለወጥ። ኃላፊዬ ስትደውል አለመቆረጡን እንኳ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው፣ በሌላው ተናድጄ ስለነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየሁና ለአክስቴ ልጅ ልመልሰው ነው አልኩት። "አውቶ ላይ ነው እንዴ ያለው?" አለኝ። ማየቱንም አላውቅም ነበር።

አደራረጉ ይህ ነው። ስልካችሁን ከሚፋዩ ዋይፋይ ጋር አገናኙ። ብራውዘር ክፈቱና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ በ192 የሚጀምረውን፣ ጻፉ። የይለፍ ቃሉም እዚያው ጀርባ ላይ ወይም ባትሪው ስር አለ። ከገባችሁ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ምርጫ የሚል ታገኛላችሁ። "አውቶ" የሚለውን "4ጂ ብቻ" አድርጉትና አስቀምጡ። እዚያው ሳላችሁ የዋይፋይ መተኛ ሰዓቱን እዩት። የእኔ ማንም ካልተጠቀመበት በ10 ደቂቃ ዋይፋዩን ያጠፋ ነበር። መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ እየተኛ አስቸግሮኝ ነበር፣ "አይተኛ" አልኩት።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ሚኒባስ ቆርቆሮ ነው። ሲግናሉ የሚገባው በመስታወት ነው፤ ቦርሳ ውስጥ፣ ወንበር ስር፣ በሰው እግር መሀል ከሆነ የሚደርሰው ተርፎ ነው። አሁን መስኮት ዳር እቀመጣለሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሚፋዩን በመስታወቱና በጎማው መሀል ባለችው ጠርዝ ላይ አቆመዋለሁ፣ እንዳይወድቅ በጸጉር ማስያዣ ላስቲክ ከመጋረጃው ሽቦ ጋር አስረዋለሁ። ትንሿ ስክሪኑ ወደ እኔ ትዞራለች። ገደሉ በየትኛው በኩል እንደሆነም ለመድኩ፤ ወደ ደሴ ስንወጣ ወደ ክፍቱ የሚያየውን ጎን ነው የምይዘው። ረዳቱም ለምዶኛል። "እታለም፣ ዛሬም ታወርሽን ተከልሽ?" ይለኛል።

ውጤቱስ? ሴቲንጉንና ቦታውን ካስተካከልኩ በኋላ ያለው ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ቀድሞ አንድ ጉዞ ሳይቆረጥ ያለፈበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ብዙ ቀን ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መግቢያ አንድ ጥሪ ይበቃናል፣ አንዲት ኩርባ ላይ ብቻ ድምጹ ይጠፋል። እሱም ቢሆን "በማገናኘት ላይ" ብሎ ሙጭጭ አይልም። 3ጂ ላይ የሚንጠለጠልበት መንገድ ስለተዘጋበት፣ ኩርባው እንዳለፈ 4ጂውን ያገኛል፣ ኢሞም ጥሪውን ሳይዘጋ ይቀጥላል። እህቴ "ሀሎ" ሳትል ጠብቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ባለፈው ሳምንት እናታችን ስላረገዘችው ጊደር የነገረችኝን ከነዝርዝሩ፣ ሳልደግም፣ ነገርኳት። ለሰው ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን ከሚኒባሱ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር የወረድኩት።

ያቺን ኩርባ ግን ማንም ሳጥን አያድናትም። 4ጂ እዚያ ጋ ከሌለ የለም። "4ጂ ብቻ" ብላችሁ ስትቆልፉት ደካማ 3ጂ ቢኖር እንኳ አይጠቀምም። 4ጂ በማይደርስበት ገጠር ለሚኖር ሰው ይህ ሴቲንግ ጉዳት ነው፣ አውቶ ላይ ይተወው።

ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን አንብባችሁ "ሚፋይ ለምን እገዛለሁ፣ ስልኬን ራሱን 4ጂ ብቻ ላይ እቆልፈዋለሁ" እንዳትሉ። ቮልቲኢ ካልሠራላችሁ መደበኛ ጥሪ አይገባላችሁም፣ እናንተም መደወል አትችሉም። ስልኩ ሙሉ ሲግናል እያሳየ ሰው "ጥሪ አይቀበልም" ይባላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ አድርጋ ረስታው፣ ልጇ ታሞ ከትምህርት ቤት ሲደወልላት ውሎ አልገባላትም። መቆለፍ ሚፋዩን ነው።

ሳጥኑ ራሱ እንከን የለውም አልልም። ባትሪው 3000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው የሚለው። ያገለገለ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ከጠዋት ጀምሮ ከከፈትኩት ለማታ አይደርስም፤ ስለዚህ ለመንገድ ብቻ እከፍተዋለሁ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ መስታወት ዳር ሲቆም ይግላል፣ ዳገቱን ስንወጣ ይበርዳል። ደሴ መብራት የሚጠፋበት ቀን ማታ ካልሞላሁት ነገ ጉድ ነው። ለብቻው ሲም፣ ለብቻው ፓኬጅ ይፈልጋል፤ የወር ወጪዬ ጨምሯል። ለድምጽ ብቻ ከሆነ ትንሽ ፓኬጅ ይበቃል፣ ቪዲዮ ከከፈታችሁ ግን ይበላዋል።

ሲሙን ለመምረጥ አትቸኩሉ። ሁለት ኦፕሬተሮች ታወራቸውን የሚተክሉት የተለያየ ኮረብታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሚከለልበት ኩርባ ላይ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። እኔ ከባልደረባዬ የሌላውን ሲም ተውሼ አንድ ሳምንት በዚያው ወንበር ሞክሬ ነው የወሰንኩት። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፣ የእናንተ መንገድ ሌላ ስለሆነ። ወደ ባቲ ወይም ወደ ሐይቅ የምትሄዱ የራሳችሁን ሞክሩ።

ስትገዙ ሱቁ በር ላይ ሆናችሁ የምታዩት ይህን ነው። ለሁሉም ሲም ክፍት መሆኑን፣ በራሳችሁ ሲም። ሴቲንጉ ውስጥ "4ጂ ብቻ" የሚል መኖሩን፣ ሁሉም የለውምና ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ባትሪው የሚወጣና የሚቀየር ቢሆን ይመረጣል፣ ያበጠ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። ጎኑ ላይ በክዳን የተሸፈኑ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት የውጭ አንቴና ይሰካበታል። ፍጥነቱን አትዩ። "150 ሜጋቢት" ብለው ይጽፉበታል፤ ለድምጽ ጥሪ የዚያ ሽራፊ ይበቃል።

አንድ በነጻ የሚገኝ ነገርም አለ። ፋብሪካ ወይም ቢሮ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ እያወራችሁ ከግቢ ከወጣችሁ ጥሪው በር ላይ ይቆረጣል። ይሄኛው ከታወር ርክክብ ይለያል፣ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ስትሻገሩ የኢንተርኔት አድራሻችሁ ራሱ ይቀየራል። በፈረንጆቹ 2021 የጸደቀው ክዊክ የሚባለው የኢንተርኔት አሠራር ግንኙነቱን በአድራሻ ሳይሆን በራሱ መለያ ቁጥር እንዲያውቀው ስለሚያደርግ ይህን መሻገር ይችላል፤ ግን አፑ ካልተጠቀመበት አይረዳችሁም። ቀላሉ ከመደወላችሁ በፊት የግቢውን ዋይፋይ ማጥፋት ነው። እኔ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ እያለሁ አጠፋዋለሁ፣ ሚፋዩን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ነው ለእህቴ "ወጣሁ" የምላት።

ለማን አልመክረውም? መንገድ ላይ ጽሁፍ ብቻ ለሚልክ ሰው። የቴሌግራም መልእክት ኩርባው እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ምንም አይጎድልበትም። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስም አያስፈልግም። ስልካችሁና ሲማችሁ ቮልቲኢ ካላቸውም መጀመሪያ እሱን ከፍታችሁ ሁለት ሳምንት እዩት፤ ግማሹ ችግር በዚያው ሊወገድላችሁ ይችላል።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለባትሪው ነው። ያቺን ኩርባ በእሱ አላሳበብኩም።

የአንቴናውን ገመድ ገና አልገዛሁም። ፒያሳ ያለው ልጅ አስመጣልሻለሁ ብሎኛል። መስታወቱ ላይ ለጥፌ አንድ ወር ልሞክረውና በዚያች ኩርባ ለውጥ ካመጣ እዚሁ ስር እጨምራለሁ።